መሪውን ለቀቀላት
ጎርፉ ከጸጸራት ሰፈር የሚያስወጣውን መንገድ ሲሞላ ተስፋልደት ላንድክሩዘሩን አቆመ። ከኋላ ምጥ የያዛት ጎረቤታቸው ታቃስት ነበር። «ሞተሩ ውሃ ከጠጣ አለቀልን፤ እንመለስ» አለ።

አገሩ ነጻ ሲወጣ ከትግል ሜዳ የተመለሰችው ልጁ ለተብርሃን ግን ወርዳ ኮፈኑን ከፈተች። የማራገቢያውን ቺንጋ ፈታች። «ማራገቢያው ውሃውን ሞተሩ ላይ እንዳይረጨው ነው፣ ኣቦ» አለችው አባቷን። ከዚያ የአየር መሳቢያው ላይ ረጅም የጎማ ቱቦ ገጥማ፣ ጫፉን ከውሃው በላይ እንዲሆን ወደ ላይ አውጥታ ጣሪያው ላይ አሰረችው። ልጅ ሳለች ከጋራዡ ያባርራት የነበረው አባቷ መሪውን ለቀቀላት።

ውሃው የፊት መብራቶቹን ዋጠ፤ ሞተሩ ግን አንዴም አልተንተባተበም። ማዶ ሲደርሱ አንድ የሰፈር ሰው «ተስፋልደት፣ መኪናውን ምን አድርገኸው ነው?» ብሎ ጮኸ።

«እኔ አይደለሁም! ልጄ ናት!»

ሆስፒታሉ በር እስኪደርሱ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ በመስኮቱ ብቅ እያለ ለመንገደኛው ሁሉ ይህንኑ ተናገረ።