የአስራ አንዱ መምህራን ገጽ

"ሞተሃል ብላችሁኛል፤ ልቀበር መጣሁ። ጉድጓዱን አሳየኝ!" አሉኝ ሽማግሌው፣ የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት ጠረጴዛ በከዘራቸው እየመቱ።

"ምን ሆኑ ጋሼ?"

"ቲቸር በለኝ! እዚህ ግቢ ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ። ትናንት የድሮ ተማሪዬ ታክሲ ውስጥ አየችኝና 'በስመ አብ! ቲቸር አልሞቱም እንዴ?' ብላ አማተበች። ለበዓል እንኳ የሚደውልልኝ ተማሪ የጠፋው ለካ በእናንተ ነው!"

የትምህርት ቤቱን ዊኪ፣ ማለትም ሠራተኞቹ የምንጽፍበትን ድረ ገጽ፣ ከፈትኩ። ከፎቶግራፋቸው ሥር "ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን" ይላል።

እውነታቸውን ነው። የቀድሞ መምህራንን ገጾች የምንሠራው በአንድ የጋራ ቅጽ ነው፤ ቅጹ ላይ የተጻፈ ሁሉ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ይወጣል። ከእኔ በፊት የነበረው ሠራተኛ ለአንድ ሟች መምህር ብሎ የጻፈውን በሰውየው ገጽ ፈንታ ቅጹ ላይ አስፍሮት ኖሯል።

"ይቅርታ ቲቸር። ስህተቱ የእርስዎ ገጽ ላይ ብቻ አይደለም፤ አስራ አንዳችሁም ላይ አለ። አራት ዓመት ሆኖታል።"

"አራት ዓመት! ይሄን ሁሉ ጊዜ መጥቶ የጮኸባችሁ አንድ ሰው የለም?"

"ከእርስዎ በቀር ማንም አልመጣም። ግድ የለም፣ አሁን ከቅጹ ላይ ስሰርዘው ከሁላችሁም ገጽ ይጠፋል።"

ልሰርዘው ስል እጄን ያዙኝ። ስክሪኑ ላይ የተደረደሩትን የባልደረቦቻቸውን ፎቶግራፎች ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ አዩ።

"ተው" አሉኝ። "የእነሱ እውነት ሆኗል፤ የእኔን ብቻ አጥፋልኝ።"