ቁጥር ሦስት አይወድቅም

በሰቆጣና በዙሪያዋ አህያ የጠፋበት ሰው ሁለት ምርጫ ነበረው። ወይ ገበያ ለገበያ ይዞራል፣ ወይ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያስለፍፋል። ዘንድሮ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ሊጨምር ፈለገ፦ የጠፋ ከብት በስልክ የሚፈለግበት ድረ ገጽ።

በየትኛው የፕሮግራም ቋንቋ ይሠራ የሚለው ሁለት ወር አጨቃጨቀ። በመጨረሻ ውድድር ወጣ። የፈለገ ሰው በፈለገው ቋንቋ ሠርቶ ለሦስት ሳምንት ያስኬዳል፤ ብዙ ከብት ያስገኘ ያሸንፋል። ዳኞቹ ለዘመድ እንዳያደሉ ተወዳዳሪዎቹ በዕጣ ቁጥር ተሰጣቸው፣ ስማቸው በፖስታ ታሸገ።

ቁጥር አንድ ባንቺ ነበረች። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ፒ ኤች ፒ በሚባለው ቋንቋ ፕሮግራም መጻፍ ከጀመረች አሥራ አምስት ዓመት አልፏታል። በመሥሪያ ቤቱ ያላት የኮንትራት ውል ሰኔ ሠላሳ ያልቃል። አሸናፊው በቋሚነት ይቀጠራል፤ ካላሸነፈች ግን አገሯ ደሃና ተመልሳ የወንድሟን ገብስ ማረም ነው የቀራት።

ቁጥር ሁለት ፊት ለፊቷ የሚቀመጠው ምስጋናው ነበር። የቁጥሩን ምስጢር ያወቀችው ራሱ ለባጃጅ ነጂዎች ጭምር ስለነገረ ነው።

«እትዬ ባንቺ፣ ፒ ኤች ፒን መቼ ነው የምትቀብሪው?» ይላታል።

«አንተ ሳትወለድ ሥራ ጀምሯል። አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም። አንተ ዛሬም ሦስት ሰዓት ላይ ነው የገባኸው።»

«ጎላንግ ይሻላል። ጠይቀሽ ሳትጨርሺ ይመልሳል።»

«አዎ፣ ‹አልተገኘም› ብሎ። ፓይተንስ?»

«እሱ ቀርፋፋ ነው። ጊዜ ለተረፈው ሰው ይሆናል።»

ቁጥር ሦስት የተጻፈው በፓይተን ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት መሪነቱን ያዘ። በቀለም ዳማውን ከብት ከቡላው ይለያል፤ በኽምጣኛ ለጠየቀው በኽምጣኛ ይመልሳል። ማን እንደሠራው የሚያውቅ ግን አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት ባንቺ አንድ አጭር ፕሮግራም ጻፈች። ሥራው ቁጥር ሦስትን ስለ አንዲት ፍየል በደቂቃ አሥር ሺህ ጊዜ መጠየቅ ነበር። ቁጥር ሦስት ጥያቄው በዝቶበት እስከ ምሳ ሰዓት ተዘረረ።

ሕሊናዋ ግን ምሳዋን አላስበላትም። ቅዳሜ የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄደች። የአባ ገብረ ሊባኖስ ድምፅ ተዘግቷል፤ ባለፈው እሑድ አሥራ አራት የጠፉ ከብቶች ለፍፈዋል።

«አባቴ፣ በሰው ሥራ ላይ ተንኮል ሠርቻለሁ» አለችና ነገረቻቸው።

«ስንት ጊዜ?»

«በደቂቃ አሥር ሺህ።»

«ከአንድ አድራሻ ነው፣ ከብዙ?»

«ከአንድ።»

ብዛቱንና ሁኔታውን መጠየቅ የንስሐ አባት ወግ ነውና አልገረማትም። አርባ አንድ ስግደት ሰጧት። መስቀል ተሳልማ ወጣች።

ስግደቱን ጨርሳ ሰኞ በድጋሚ ሞከረችው። ከአሥረኛው ጥያቄ በኋላ ጽሑፍ መጣባት፦ «አርባ አንድ ደቂቃ ይታገሡ።»

ቀና ብላ ምስጋናውን አየችው። ምስጋናው ከአንድና ከራሱ በቀር ለምንም የማይካፈል ቁጥር ነፍሱ ነው፤ አሥራ ሦስት፣ ሃያ ሦስት፣ አርባ አንድ ሲያይ ዓይኑ ይበራል። ነገሩ ገባት። ልጁ በሁለት ፖስታ ገብቷል፤ በዚያ ላይ ስክሪኗን ያያል።

«ምን ታያለህ?»

«ግድግዳውን» አለና ፈገግ አለ።

በሁለተኛው ሳምንት ስልት ቀየረች። የከብቱ ቀለም በሚሞላበት ሣጥን ውስጥ ቀለም ሳይሆን ትእዛዝ ጻፈች። የቁጥር ሦስት መዝገብ ተሰረዘ። ግማሽ ቀን ሙሉ በዋግ ምድር አንድም ፍየል አልጠፋም።

ቅዳሜ እንደገና ሄደች። አባ እየሰሟት መነጽራቸውን ጠረጉ።

«በየትኛው ሣጥን ነው?»

«በቀለሙ።»

«በባለቤቱ ስም በኩልስ?»

«በእሱ አልሞከርኩም።»

«አትሞክሪ» አሉ። ሰማንያ ሁለት ስግደት።

ሰኞ መዝገቡ ተመልሶ፣ ሁለቱም ሣጥኖች ተደፍነው አገኘቻቸው። ባንቺ ስክሪኗን በካርቶን ከለለች። ምስጋናው ካርቶኑን አይቶ ሳል የመሰለ ሳቅ ሳቀ።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ደክሟት ነበር።

«አባቴ፣ ዛሬ ገና ያልሠራሁትን ልናዘዝ ነው የመጣሁት። ቂም ይዣለሁ። ሰኞ መጨረሻው ነው፤ የቁጥር ሦስትን የጓሮ በር አግኝቻለሁ። ገብቼ ላጠፋው ነው።»

«ላልተሠራ ኃጢአት ንስሐ አይሰጥም፣ ልጄ።»

መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«በሩ በየት በኩል ነው?»

ነገረቻቸው። ቀለላት።

ቢቀላትም ሰኞ ሄዳ በሩን ገፋችው። ተቆልፏል። ከማዶ ምስጋናው ሻዩን እየጠጣ ያፏጫል።

ማክሰኞ አዳራሹ ሞላ። የዳኞቹ ሰብሳቢ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ወረቀታቸውን አነበቡ።

«ቁጥር አንድ፣ በፒ ኤች ፒ። አንድ ቀን አልወደቀም። አሥራ ዘጠኝ ከብት አስገኝቷል። ቁጥር ሁለት፣ በጎላንግ። ከሁሉ ፈጣን ነው። ያስገኘው አንድ ዶሮ ነው።»

ሰው ሳቀ።

«ቁጥር ሦስት፣ በፓይተን። ከሁሉ ቀርፋፋ ነው። ሁለት ጊዜ ተመታ፤ በሦስተኛው አልተነካም። ስልሳ ከብት አስገኝቷል። አሸናፊው ይነሣ።»

ባንቺ ወደ ምስጋናው ዞረች።

«ተነሣ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?»

ምስጋናው ግራ ተጋብቶ አያት።

«እኔ? እኔ እኮ አንቺ መስለሽኝ ነበር።»

ከመጨረሻው ረድፍ አባ ገብረ ሊባኖስ መስቀላቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛውረው ፖስታቸውን ሊቀበሉ ተነሡ።