የማርቆስ ፈረሶች

ማርቆስ ደቡብ አፍሪካ፣ ካትሌሆንግ ውስጥ ስፓዛ የሚሉትን የሰፈር ሱቅ ከከፈተ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ጀርሚስተን ባለችው ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቡድን ይመራል፣ ቢራ አይሸጥም፣ ሎተሪ እንኳ ቆርጦ አያውቅም። ስለዚህ ስልኩ ላይ የፈረስ ውድድር መገመቻ ፕሮግራም መጫኑን ሚስቱ በለጥሽ ስታይ፣ መጀመሪያ የመሰላት የሰው ስልክ ይዞ መምጣቱ ነበር።

የራሱ ነው።

ጊዜውም ለእንዲህ ያለ ነገር አይመችም። ልጃቸው ፍሬገነት ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቷታል፤ በሁለት ወር ውስጥ አራት ቤት ሽማግሌ ልኮባታል። በለጥሽ ለአራቱም ዶሮ ስትሠራ ወገቧ ተቆርጧል። ፍሬገነት "አባዬ የሚለኝን ሰምቼ እወስናለሁ" ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። ማርቆስም ሁሉንም "እንጸልይበትና እንመልስላችኋለን" እያለ ሸኘ።

ከአራቱ አንዱ የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች ሰብሳቢ የጋሽ ዓብዩ ልጅ ጌዴዎን ነው። በዚህ ዕድሜው ሦስት ሱቅ ከፍቶ ያየ፣ አሁን ደግሞ በመኪና ንግድ ሊሞክር ያሰበ ብርቱ ልጅ። በለጥሽ ነገሩ ያለቀላት መስሏት ለሠርጉ የሚሆን የቀሚስ ጨርቅ ማየት ጀምራለች። እና አሁን ይህ ፈረስ! የቁማርተኛ ልጅ ማን ያገባል?

ፕሮግራሙን ለማርቆስ ያስተማሩት ባባ ሲቶሌ የሚባሉ ጡረተኛ ደንበኛ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ይገዙና በሱቁ የብረት ፍርግርግ በኩል ስልካቸውን አሾልከው ያሳዩታል።

"ያለፈ ውጤቱን ታስገባለህ" አሉት። "ክብደቱን፣ ርቀቱን፣ የሜዳውን ሁኔታ፣ ስንት ቀን እንዳረፈ። እሱ ይደምርና በተራ ያስቀምጥልሃል።"

"ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ውድድርስ?"

"በእጅህ ታስገባዋለህ። እኔ የአገሬን የገጠር ውድድር ሁሉ የማስገባው እንደዚያ ነው።"

"ከዚያ አንደኛ ያለውን እመርጣለሁ።"

ባባ ሲቶሌ ሳቁ። "እንደዚያ ያደረገ ሁሉ በእግሩ ነው ወደ ቤቱ የሚመለሰው። ፕሮግራሙ የሚያውቀው አንተ የነገርከውን ብቻ ነው። ፈረሱን አላየውም! ሂድና እየው። ሲራመድ እየው፣ ሲደክመው እየው። ከፕሮግራሙ ጋር ካልተስማማህ ዓይንህን እመን፤ ምክንያትህን ግን ጻፍ።"

ማርቆስ ትጉህ ተማሪ ወጣው። ጥርሱን በተነቀለ ቀን እንኳ ያልዘጋውን ሱቅ ሐሙስ ሐሙስ እየዘጋ መጥፋት ጀመረ። አንዱን ሐሙስ ጀርሚስተን፣ ሌላውን ዳቬይተን።

"የት ነበርክ?" አለችው በለጥሽ።

"ሳይ ነበር።"

"ምን ስታይ?"

"አረማመድ።"

በለጥሽ ዳቬይተን ውስጥ የፈረስ ሜዳ ይኑር አይኑር አታውቅም። እሷ እዚያ የምታውቀው ዘይት የሚያከፋፍሉበትን መጋዘን ብቻ ነው። የአንድ ሳምንት ጾም ጸሎት ያዘች። በሰባተኛው ቀን ከስኳሩ ጆንያ ጀርባ አንድ ደብተር አገኘች፤ ማንበቡን ሳትጨርስ ጋሽ ዓብዩ ጋ ደወለች።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ጋሽ ዓብዩ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ተጸለየ። ሻይ ቀረበ። ጋሽ ዓብዩ መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩን ጮክ ብለው ያነቡ ጀመር።

"አንድ ቁጥር። ዘሩ ጥሩ፣ ቁመናው ጥሩ። አነሳሱ ፈጣን ነው፤ ግማሽ መንገድ ላይ ይተወዋል። ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ሦስቱንም አልጨረሰም። ከኋላው የሚነዳው ከሌለ አይንቀሳቀስም። ፕሮግራሙ አንደኛ ይለዋል። እኔ አልስማማም።"

ገጹን ገለጡ።

"አራት ቁጥር። አነሳሱ ዘገምተኛ። ፕሮግራሙ መጨረሻ አስቀምጦታል። ዳቬይተን ሁለቴ ሄጄ አየሁት። ዝናብ እየወረደበትም ከመንገዱ አልወጣም። የእኔ ምርጫ እሱ ነው።"

በለጥሽ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። "ከእንግዲህ ልጄን ማን ይወስዳታል፣ ጋሽ ዓብዩ?"

"አይዞሽ፣ እኅቴ። የእኛ ቤት በቃሉ የጸና ነው" አሉና ወደ ማርቆስ ዞሩ። "ስንት አስይዘሃል፣ ወንድም ማርቆስ?"

"አንድ ሳንቲም አላስያዝኩም።"

"ሳታስይዝ ነው ይህን ሁሉ የደከምከው?"

ማርቆስ ሻዩን ማማሰል ቀጠለ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

ጋሽ ዓብዩ እንደገና ወደ ደብተሩ አጎነበሱ። ሆሳዕና ያደጉ፣ አባታቸው ፈረስ የነበራቸው ሰው ናቸው፤ ዝም ማለት አልቻሉም።

"ኃጢአት ነው፤ ኃጢአትነቱ አያከራክርም" አሉ። "ግን እውነት ለመናገር፣ አንድ ቁጥርን ያልመረጥከው ደግ አድርገህ ነው። እንዲህ ያለውን አውቀዋለሁ። ቀለብ ይጨርሳል እንጂ ለጋሪም አይሆን። የያዘው ሰው ዕድሜ ልኩን ነው የሚያለቅሰው።"

ሁለቱ ሽማግሌዎች በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እኔም እንደዚያ ነው ያየሁት" አለ ማርቆስ ቀስ ብሎ።

"ስልኩንም ይዩለት!" አለች በለጥሽ። "እዚህ በቁጥር ደበቃቸው እንጂ ስማቸው እዚያ ሳይኖር አይቀርም።"

"ስልኩ እንኳ ይቅር፣ ጋሽ ዓብዩ" አለ ማርቆስ።

"በብርሃን የሚመላለስ ሰው ስልክ አይደብቅም፣ ወንድሜ። ክፈተው።"

ማርቆስ ከፍቶ ሰጣቸው። ጋሽ ዓብዩ ስልኩን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ።

"የውድድሩ ስም፦ ፍሬገነት። አንድ ቁጥር፦ ጌዴዎን ዓብዩ።"