የእንግዴ ልጁ መልእክት

አምሳለ ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። አሁን ለሦስተኛ ጊዜ ማርገዟን ለቤቱ ነግራለች። አማቷ ወይዘሮ ገላኔ፣ ይህም ካልሆነ ለልጃቸው ለፈየራ ሌላ ሚስት እንደሚያመጡ ለጎረቤት ተናግረዋል። አምሳለም ሰምታለች።

ከዚያ ወዲህ ሆዷን ማንም እንዲነካ አትፈቅድም። ፈየራ የጅቡቲ መንገድ ሾፌር ነው፤ አልፎ አልፎ ሲመጣ እንኳ ሐኪም ከልክሎኛል ብላ ለብቻዋ ትተኛለች።

የፈየራ ታናሽ እህት ሚካል ደግሞ አመሏ ተለውጧል። ድሮ ከአምሳለ ጋር ተሳስቀው አይጠግቡም ነበር። አሁን ጋቢ ተከናንባ ጥግ ትይዛለች፤ ምግብ ትገፋለች፤ የአምሳለን ሆድ ቀና ብላ አታይም። ጎረቤት ቅናት ነው አለ። ወይዘሮ ገላኔን የገዛ ልጃቸው ዓይን ያስፈራቸው ጀመር።

ከሀይሌ ጋርመንት አለፍ ብሎ ባለው ክሊኒክ ለነፍሰ ጡሮች የደም ጥናት መጥቷል ሲባል ምራታቸውንም ሚካልንም ይዘው ሄዱ። አምሳለ አልሄድም ብላ ነበር፤ ማን ሰምቷት።

ነርሷ ፀሐይወርቅ አስረዳቻቸው። እንግዴ ልጁ ማይክሮ አርኤንኤ የሚባሉ ጥቃቅን መልእክቶችን ወደ እናትየው ደም ይልካል፤ ሲታመም መልእክቱ ይለወጣል። ሆድ ሳይነካ ከደም ብቻ ይታወቃል። ለማነጻጸሪያ ግን ያላረገዘች ሴት ደም ያስፈልጋል።

«ሳይወለድ ወሬ ማቀበል ጀመረ በይኛ» አሉ ወይዘሮ ገላኔ። ለማነጻጸሪያው ሚካልን ሰጡ። «ወንድ የማታውቅ ልጅ አለችኝ።»

እሳቸው ደም ማየት ስለማይወዱ ውጭ ቀሩ። ሁለቱ ክንዳቸውን በጥጥ ይዘው ወጡ። ሚካል ግድግዳ ተደግፋለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቷ፣ የምራቴን የደም ብልቃጥ ነካክተሻል ወይ እያሉ ያፋጥጧታል።

የውጤቱ ቀን አምሳለ ደረጃውን ቀድማ ወጣች። ሚካል ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች፣ ፀሐዩን በእጇ እየከለለች ተከተለች።

ፀሐይወርቅ ቁጭ በሉም አላለች። «የአምሳለ ደም ደህና አይደለም። እንግዴ ልጁ ተቸግሯል። የደም ግፊቱ ከተነሳ እናትም ልጅም ሊያልፉ ይችላሉ።» የማነጻጸሪያው ደም እንደተጠበቀው ከእንግዴ ልጅ መልእክት ባዶ ነው አለች። ቀጥላ ራስ ምታት፣ ዓይን ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር እንዳለ ጠየቀች።

አምሳለ ዞራ ሚካልን አየቻት። «አለ። ዛሬ ብሷል።»

ወይዘሮ ገላኔ ልጃቸው ላይ ዞሩ። «በላሻት። የወንድምሽን ልጅ በዓይንሽ በላሽው። ቤቴ እንዳትደርሺ።» ሚካል ጋቢዋን ጨብጣ ቆማለች።

«ማዋለጃ እስኪዘጋጅ ቢቆይስ?» አለች አምሳለ። «ለነገ ቢሆን?»

«ነገ ላይኖር ይችላል።»

ወይዘሮ ገላኔ የምራታቸውን እጅ ያዙ። «ነይ ልጄ፣ በሞትኩት፤ እዚህ አልጋ ላይ ጋደም በይ።»

አምሳለ እጇን አስለቀቀች፤ ቀሚሷ ስር አስገብታ ሆዷ ላይ ያሰረችውን ጨርቅ ፈታች፤ «ብልቃጡን ቀያይረናል፤ ደሙ የእሷ ነው» ብላ እሱኑ ትራስ አድርጋ ሚካልን አልጋው ላይ ደግፋ አስተኛቻት።