ሃያኛው ተሳፋሪ

መኪና የሌለው ሰው እንደ ጉድ በሚታይበት ከተማ፣ ሰባት ቁጥር አውቶቡስ በየጠዋቱ አሥራ ዘጠኝ ተሳፋሪ ይጭን ነበር። ከሃያ ካነሰ መስመሩ እንደሚዘጋ የአውቶቡሱ መሥሪያ ቤት አስታወቀ። በአውቶቡሱ ላይ ተሳፋሪ የሚቆጥረው ሠራተኛ ታላቅ እህት ደግሞ ዓይነ ስውር ናት፤ ሥራ ቦታዋ የምትደርሰው በዚሁ አውቶቡስ ብቻ ነው። ስለዚህ ቆጣሪው በየቀኑ አንድ ሰው ከራሱ ፈጥሮ ይመዘግብ ጀመር፤ ከአራተኛው ፌርማታ ተሳፍሮ እህቱ አጠገብ የሚቀመጥ።

«ሃያኛውን ትወልደዋለህ እንዴ?» ይለዋል ሾፌሩ እየሳቀ።

«አንተ መሪህን ያዝ።»

በሦስተኛው ሳምንት እህቱን ደግፎ ሲያወርዳት፣ «አንተ ልጅ፣ ከአራተኛው ፌርማታ የሚገባው ሰውዬ ምነው አፉን የሰፉት ይመስል ዝም አለ?» አለችው። «ሰላም ስለው ጠጋ ይልልኛል እንጂ አይመልስም።»



በማግስቱ የሚሳፈረውንና የሚወርደውን የሚቆጥር መሣሪያ በሩ ላይ ተገጠመ፤ እሱንና ሾፌሩን ግን አይቆጥርም። አሁን ጉዴ ፈላ፣ መስመሩም ተዘጋ አለ በልቡ። ሰዎቹን ሁለት ጊዜ ቆጠራቸው፤ አሥራ ዘጠኝ ናቸው። የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ሁሉም ወርደው እሱና ሾፌሩ ብቻ ሲቀሩ መሣሪያውን አነበበ።

የተሳፈሩ ሃያ፣ የወረዱ አሥራ ዘጠኝ።