የሰነፍ ዘይት

ሰፈርተኛው ቸኮል ብሎ የሰየመው ያለ ነገር አይደለም። ሲበላ ይቸኩላል፣ ሲያወራ ይቸኩላል፤ ዛሬ ደግሞ መቸኮል የሚገባው ቀን ነበር። ከዳገቱ ማዶ ያለው መጋዘን ዕቃ አመላላሽ ይፈልጋል። ማስታወቂያው «የራሱ ሞተር ሳይክል ያለው ብቻ፣ እስከ ስድስት ሰዓት» ይላል። ቸኮል ሥራ ከፈታ ዓመት አልፎታል። ሞተር ሳይክሏ እጁ ከገባች ደግሞ ገና ሦስት ቀኗ ነው። ጠዋት ሲወጣ የእናቱን ግንባር ስሞ፣ «ማታ የሠራተኛ እናት ትሆኛለሽ» ብሏታል።

ሞተሯ ግን ዳገቱ ሥር ስትደርስ አሻፈረኝ አለች። ነዳጅ ሲሰጣት ትጮሃለች እንጂ አትሄድም። ማርሽ ሲቀይርላት ኳ! ትልና ባለችበት ታቃስታለች። ቸኮል ላብ በላብ ሆኖ እየገፋ፣ መጀመሪያ ያገኘው ጋራዥ በር ላይ አቆማት።

ጋራዡ አልተከፈተም ነበር። መካኒኩ በሦስት ሰዓት እያነከሰ መጣ።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ሰሞኑን በእግሬ እየተመላለስኩ ጫማዬ ጨረሰኝ...» አለና ቀና ሲል ሞተሯን አየ። አፉ እንደተከፈተ ቀረ። አንዴ እሷን፣ አንዴ ቸኮልን አየ።

«ወይ ጣጣ! ሰውዬው ኪሴን እየመዘነ ነው» አለ ቸኮል በሆዱ። ስለ መካኒኮች ያልሰማው ጉድ የለም። ደህናውን ዕቃ ነቅለው አሮጌ ይገጥማሉ፣ የአንድ ሰዓቱን ሥራ ቀኑን ሙሉ ይጎትቱታል። ዓይኑን ከሰውዬው እጅ ላይ ላይነቅል ለራሱ ማለ።

«ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ማዶ መድረስ አለብኝ ጋሼ። ካልደረስኩ ሥራው አመለጠኝ ማለት ነው።»

«አይዞህ» አለ መካኒኩ። «መጀመሪያ እናስገባት።»

ሲያቆማት ማርሽ ነክሳ ኖሮ አልገፋ አለች። ቸኮል ባዶ ማርሽ ላይ እንድትቆምለት ሦስት ቀን ሙሉ ሲለምናት ነው የከረመው። መካኒኩ ሳያይ በጫማው ጫፍ ነካ አደረጋት፤ እሺ ብላ ተገፋች። ቸኮል ሙያውን ሳይወድ በግዱ አደነቀ።

ቤቱ ጠባብ ነው። አንድ ጠረጴዛ አለ፣ የዘይት ጣሳዎች አሉ፣ ግድግዳው ላይ የተፋፋቀ ሄልሜት ተሰቅሏል፣ ከሥሩ ምስማር ላይ ቀይ ክር የታሰረበት ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ቸኮል ደህናው ዕቃ የሚደበቅበትን ጥግ ፍለጋ ሁሉንም በዓይኑ በረበረ።

መካኒኩ አሮጌውን ዘይት ሳፋ ላይ አፈሰሰ፣ በሁለት ጣቱ አሻሸው፣ አሸተተው።

«የመኪና ዘይት ነው» አለ። «የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን እኮ እዚሁ የሞተሩ ዘይት ውስጥ ነው የሚዋኘው። አንዳንዱ የመኪና ዘይት ደግሞ የሚያሟልጭ ነገር አለበት። የፍሪሲዮኑ ሸራዎች ተነካክሰው ጉልበቱን ወደ ጎማው ማሳለፍ ሲገባቸው ይንሸራተታሉ። ጩኸት ብቻ የሆነችብህ ለዚህ ነው።»

«እኔ አይደለሁም የጨመርኩት! የሸጠልኝ ሰውዬ ነው።»

«እንዴት ያለ ሰው ነው?»

«ምኑን ሰው ይሉታል? ደደብ ነው እንጂ! እንዲህ ያለችውን ንብረት በመኪና ዘይት የሚገድል፣ እጁ ይቆረጥ!»

መካኒኩን ሳል ያዘው። ሻይ ይዛ የገባችው ሚስቱ ሞተሯን ስታይ ቆም አለች፤ ሻዩ ሳህኑ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«እውነትህን ነው ወንድሜ» አለች። «‹የተረፈ ዘይት ምን አለበት› የሚል፣ ቢመከር ቢዘከር የማይሰማ ሰው ነው የሚሆነው።»

«አንቺ ሂጂና ወንድምሽን ጥሪልኝ!» አላት መካኒኩ ቱግ ብሎ። «ትልቁን መፍቻ ይዞ ይምጣ።»

ወንድምየው መጣ። አናቱ የበሩን ጉበን ሊነካ ምንም አልቀረው። መፍቻ ግን አልያዘም። በርጩማ ስቦ መውጫው ላይ ቁጭ አለና ቸኮልን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«መፍቻውስ?» አለ ቸኮል።

«ይደርሳል» አለ ወንድምየው።

ቸኮል መውጫውንና ሰውዬውን አየ። ነገሩ አሁን ገባው፤ ለሂሳብ ሊያስፈራሩት ነው። መካኒኩ ሸራዎቹን አንድ በአንድ እያወጣ ይጠርጋል፣ አዲስ ዘይት ውስጥ ይነክራል፣ ደግሞ ያፏጫል! የራሱን ልጅ ገላ የሚያጥብ ነው የሚመስለው። አምስት ሰዓት ሆነ።

«ጋሼ፣ ኧረ በናትህ!»

«የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል» አለ መካኒኩ፣ አዲሱን ዘይት ጠብ ሳያደርግ እየሞላ።

ሚስቲቱ ብርጭቆውን ልታነሳ ተመልሳ መጣች፤ እሷም አልሄድ አለች፣ እጇን አጣጥፋ ቆመች። «ባልና ሚስት ከነአማቻቸው» አለ ቸኮል በሆዱ። «ቤተሰቡ በሙሉ ሌባ!» እናቱ ትዝ አለችው። ይኼኔ ለጎረቤት ሁሉ አውርታለች።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የመጨረሻው ብሎን ጠበቀ።

«በል አስነሳት» አለ መካኒኩ።

ቸኮል ዘሎ ተቀመጠና ቁልፉን ሰካ። ይሄ ቁልፍ ከመጀመሪያውም ሁለት ሦስቴ ካልነቀነቁት አይዞርም። አራቴ ነቀነቀው። አምስቴ። እንቢ አለ።

«ተው፣ ተው፣ በሌባ ቁልፍ ትሰብርብኛለህ» አለ መካኒኩ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

ወደ ግድግዳው ሄዶ ቀይ ክር የታሰረበትን ቁልፍ ከምስማሩ ላይ አወረደና ሰካው፤ ሳይነቀነቅ ዞረ።