የፈታሽ ልጅ ፈታሽ

ዘበኛው ጡረታ ሲወጣ የሚጠብቀው በር አጣ። በር ቢያጣ ልጁን መጠበቅ ጀመረ።

በሥራ ዘመኑ አንድም ሌባ ይዞ አያውቅም። ሌቦቹ ሰው አክባሪ ስለነበሩ፣ እሱን ላለማስቸገር በአጥር ነበር የሚገቡት። ቢሆንም ሌባ በድምፁ ያውቃል። እንደዚያ የሚለው ራሱ ነው፤ ሌላ የሚል የለም።

ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ ቤት ከተቀመጠ ሰነባብቷል። ማመልከቻ ይልካል፤ «ልምድ ያለው ነው የምንፈልገው» ይሉታል። ልምድ ከሥራ ይመጣል፣ ሥራ በልምድ ይገኛል፤ ልጁ መሐል ላይ ቀረ። ክዳኑ በጡብ ካልተደገፈ የማይቆም አሮጌ ላፕቶፕ ገዝቶ አዲስ ሙያ ጀመረ።

«አሁን ደግሞ ምንድን ነው የምትማረው?» አለው ዘበኛው።

«ሶፍትዌር መፈተሽ። ሰው የሠራውን ፕሮግራም እገባበትና የሚበላሽበትን ቦታ እፈልጋለሁ።»

«የሰው ሥራ እየነቀፍክ ደመወዝ ይሰጡሃል?»

«እንደዚያ በለው።»

«እናትህ ይህን ሁሉ ዘመን በነፃ ስትሠራ!»

«ገና ያልነገርኩህ አለ» አለች ሚስቱ ከጓዳ።

ዘበኛው ፊደል አልቆጠረም። ፍተሻ የሚለው ቃል ግን ደስ አለው። በርጩማውን ስቦ ከልጁ ጎን ይቀመጥና፣ «ያን ቀዩን ንካው። ደግመህ ንካው። እስኪ ሰው የማይነካውን ንካ» ይላል። ብዙውን ጊዜ ምንም አይሆንም። እሱ ግን የሆነ ነገር እንዳገኘ ሰው ራሱን ይነቀንቃል።

ከሚስቱ ወንድም ጋር ቃል ተገብቷል። ወሩ ሳያልቅ ሥራ ካልተገኘ ልጁ አጎቱ ብሎኬት ማምረቻ ይገባል፤ ላፕቶፑም ይዘጋል። አጎትየው አካፋውን አዘጋጅቶ ነበር የሚጠብቀው።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ስልክ ተደወለ። ሴት ናት።

«ማመልከቻዎን አይተነዋል። አሁን አንድ ገጽ ልኬልዎታለሁ፤ ገብተው ይመዝገቡበት። እውነተኛ ስምዎን መጻፍ የለብዎትም። ክፍያም የለውም። ሲጨርሱ ይደውሉልኝ።»

ልጁ ስልኩን አስቀምጦ የተባለውን ሁሉ ለአባቱ በደስታ ነገረው። አባቱ ግን ፊቱን አጨፈገገ።

«ስምህን የማይፈልግ ቀጣሪ አይተህ ታውቃለህ? እኔ ስሙን ሳልጠይቅ ያሳለፍኩት ሌባን ብቻ ነው። እሱም ሮጦ አምልጦኝ እንጂ እጠይቀው ነበር።»

«ክፍያ የለውም አለች እኮ፣ አባዬ።»

«ዛሬ ነዋ የሌለው! የሰፈራችንን ጠጉር አስተካካይስ እንዲሁ አይደል፣ ሥራ አለ ብለው መታወቂያውን ተቀብለው በስሙ የተበደሩበት? ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር!»

ልጁ ገጹን ከፈተ። ጥቂት ነካካና ቀና አለ።

«የተወለድኩት በሚመጣው ዓመት ነው ብዬ ሞላሁ። ተቀበለኝ።»

«አላልኩህም?»

«ስልክ ቁጥር በሚለው ላይ ‘ድመት’ ብዬ ጻፍኩ። እሱንም ተቀበለ። ተመለስ የሚለውን ስነካ ወደፊት ይወስደኛል። የይለፍ ቃሌን ደግሞ ሰው ሁሉ እንዲያየው አደባባይ ላይ አሰጣው።»

«የእኔን ጫማ ፎቶ ስደድላቸው።»

ላኩት። ‘ፎቶዎ ጥርት ያለ ነው፤ እናመሰግናለን’ የሚል መልስ መጣ። ልጁ ሲያነብለት ዘበኛው ከበርጩማው ሊወድቅ ምንም አልቀረው። በሕይወቱ ሙሉ ሌባ ሲይዝ የመጀመሪያው ነበር።

ልጁ ሥራ ያገኘ መስሎት ስለነበር አንጀቱ ቆስሏል። ደወለና፣ ድምፁን አባቱም እንዲሰማው ከፍ አድርጎ፣ ያየውን ጉድ አንድ በአንድ ዘረገፈባት። አስመሳይ ገጽ እንኳ በወጉ መሥራት አልቻላችሁም አላት።

ሴትየዋ አልተቆጣችም። «እሺ፣ ሌላስ?» ትላለች። ከኋላዋ የጽሕፈት ቁልፎች ሲንጣጡ ይሰማል። ልጁም አንዱን ሳያስቀር ተናገረ።

በመጨረሻ፣ «ይህን ሁሉ ብቻዎን ነው የሠሩት?» አለች።

ዘበኛው ከተቀመጠበት ተስፈንጥሮ ተነሣ። ቤት ውስጥ ሰው መኖር አለመኖሩን እያጣራች ነው! ስልኩን ከልጁ እጅ ነጠቀ።

«ብቻውን አይደለም! አባቱ አለሁ! ዘበኛ ነኝ! ሌቦች! የድሃ ልጅ መጫወቻ መስሏችሁ ነው?»

«አባቴ፣ ይረጋጉ... ነገ ጠዋት ቢሮ ቢመጣ—»

«ቢሮ! ቢሮ አስገብታችሁ ኪሱን ልታራግፉ!»

ዘጋባት። ልጁም ቁጥሯ ዳግመኛ እንዳይገባ አደረገ፤ ኋላ የመጣውንም መልእክት ሳይከፍት አጠፋው።

ወሩ አለቀ። ልጁ ብሎኬት ማምረቻ ገባ። ዘበኛው ጥላ ሥር ለሚቀመጡት ጓደኞቹ ሁሉ፣ ልጁን ከጅብ አፍ እንዴት እንዳወጣው ያወራል። ጓደኞቹ ወሬውን ስለለመዱት፣ ጅቡ ጋ ሲደርስ እነሱ ይጨርሱለታል።

አንድ ቀን ከልጁ ጋር ያንኑ ሙያ ትማር የነበረች የጎረቤታቸው የልብስ ሰፊዋ ልጅ ልትጠይቃቸው መጣች። አንገቷ ላይ የመሥሪያ ቤት መታወቂያ ተንጠልጥሏል። ዘበኛው እንደ ልማዱ ተቀብሎ ገለባበጠው፣ ወደ ብርሃን አቀና አድርጎ አየው። ትክክለኛ ነው።

«እንኳን ደስ አለሽ የእኔ ልጅ። እንዲህ ነው ጉብዝና!»

«ኧረ አባባ፣ ጉብዝናስ አይደለም። ፈተናውን ግማሹን እንኳ አልሠራሁትም። አንደኛ የወጣው ባለመምጣቱ ነው የወሰዱኝ።»

ልጁ ገና ከሥራ መግባቱ ነበር፤ በር ላይ ቆሞ የጫማውን ሲሚንቶ ያራግፋል። ዘበኛው ወደ እሱ ዞር ብሎ ሳቀ።

«ሰማህ? ሰው አንደኛ ወጥቶ እንጀራውን በእግሩ ይረግጣል? ምን ዓይነቱ ደንቆሮ ቢሆን ነው?»

«ደንቆሮውስ እሱ አልነበረም አሉ፣ አባባ» አለች ልጅቷ። «ሆን ብለው ገጹ ላይ የሸሸጉትን ስሕተት አንድ ሳያስቀር በስልክ ሲነግራቸው፣ አባቱ ነጥቆ ሰድቧቸው ዘጋው።»